ሁለት ለብ ያሉ አቶሞች

እናቴ ለሰው ስታወራ «ልጄ የሞተር ትምህርት ነው የምትማረው» ትል ነበር። ውሸት አይደለም። ግን ይህን የሰማ ታክሲ ነጂ ጎረቤታችን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቡልጋሪያ ማዞሪያ ጋ አስቁሞኝ የመኪናውን ኮፈን ከፈተና «እስኪ ይሄ ነገር ለምን እንደሚግል ንገሪኝ» አለኝ። የእኔ ሞተር ሁለት አቶም ብቻ እንደሆነ፣ በዓይን እንኳ እንደማይታይ ነገርኩት። ትንሽ አሰብ አድርጎ «ታዲያ ስንት ሰው ይጭናል?» አለኝ።

ስቄ አለፍኩ፤ ውስጤ ግን በግኗል። በዚያን ጊዜ ሁሉም ነገር ያበግነኝ ነበር። ሚሌኒየሙን ካከበርን ጥቂት ዓመት ሆኖናል። ቂርቆስ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ፤ በትምህርት ፈቃድ አራት ኪሎ ማስተርሴን እማራለሁ። ክረምቱ ሲያበቃ ፈቃዱም ያበቃል። እስከዚያ ቴሲሴን ጨርሼ ዲፌንስ ካላደረግኩ ባዶ እጄን ወደ ጠመኔዬ እመለሳለሁ፤ ሁለተኛ ፈቃድ የሚባል ነገር ደግሞ የለም። ርእሰ መምህሩ ፊት ለፊት ነው የነገረኝ። «አንዴ ነው፣ ከዚያ በኋላ እንዳትለምኚኝ» ነው ያለኝ።

ሥራዬ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሞተር ማለት ከሙቅ ነገር ሙቀት ተቀብሎ፣ ከፊሉን ሥራ አድርጎ፣ የቀረውን ለቀዝቃዛው የሚያስረክብ ነገር ነው። የታክሲውም እንደዚያ ነው፣ የእኔ ሁለት አቶሞችም እንደዚያው። ከተቀበለው ሙቀት ምን ያህሉን ሥራ ሊያደርገው እንደሚችል ግን ወሰን አለው፤ ያንን ወሰን ማንም አያልፈውም። ብታሳምሩት፣ ብትቀባቡት፣ ዘይቱን ብትቀይሩለት፣ ወይ ፍንክች።

አሁን ሁለቱን አቶሞች አስቡ። አንዱን ብቻውን ብትለኩት ለብ ያለ ነው፤ በዙሪያው ካለው ነገር ጋር እኩል የሞቀ፣ ምንም ሥራ የማይወጣው። ሌላውም ያው ነው። በመካከላቸው ግን ትስስር ሊኖር ይችላል። ካዛንቺስ የነበረው ግቢያችን መብራቱ ከአንድ መስመር ነበር የሚመጣው። የእኛ አምፖል መቼ እንደሚጠፋ ማንም አያውቅም፤ የእኛ ከጠፋ ግን የጎረቤቴም መጥፋቱን ቤቷ ሳልገባ አውቃለሁ። ትስስር ማለት እንደዚያ ነው፣ ማለቴ የአቶሞቹ፣ የኳንተሙ ትስስር ከዚህም የባሰ የጠበቀ ነው እንጂ። ለየብቻቸው ምንም የማይሰጡ ሁለት አቶሞች፣ ትስስራቸውን አውቃችሁ አንድ ላይ ከያዛችኋቸው ሥራ ይሰጣሉ። ይህ ነገር የገባኝ ቀን ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፤ ኡራኤል መውረድ እንዳለብኝ ረስቼ ብዙ ርቄ ሄጃለሁ።

ታዲያ የተሳሰሩትን አቶሞች ሞተር ውስጥ አስገብቼ በኮምፒዩተር ሳስኬዳቸው ወሰኑን አለፉት። በጥቂት ቢሆን ዝም እል ነበር። ዘለሉት በቃ። ላፕቶፔ ባትሪው የሞተ ነበርና መብራት በሄደ ቁጥር አብሮ ይሞታል፤ መብራት በመጣ ቁጥር እንደገና አስነሳሁት፣ እንደገና አለፉት። ግራፉን አትሜ ወደ አማካሪዬ ሄድኩ።

አማካሪዬ ሽበት የወረራቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። ወረቀቱን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«በሩን ዝጊው እስኪ» አሉኝ።

ዘጋሁት።

«ወይ አንቺ ተሳስተሻል፣ ወይ ተፈጥሮ ተሳስታለች። እኔ በተፈጥሮ ላይ አልወራረድም።»

«ደጋግሜ አይቼዋለሁ እኮ ዶክተር።»

«አይተሽዋል፤ ስህተቱ ግን አለ። ስሚኝ፣ ትስስሩን የሚመለከተውን ምዕራፍ አውጪው። ትስስር የሌላቸው አቶሞች ሞተር ብቻውን ለማስተርስ ይበቃል። ሰኔ ላይ ዲፌንስ ታደርጊያለሽ፣ ወደ ተማሪዎችሽ ትመለሻለሽ።»

ጥሩ ምክር ነበር። ጤነኛ ሰው እጅ ነስቶ ይቀበለዋል። እኔ ግን ያቺን ምዕራፍ ካወጣሁ የሚቀረኝ ሌሎች ከእኔ በፊት አሳምረው የሠሩት ሞተር ነው፤ የሰው ልብስ ተውሼ እንደ መልበስ ሆኖ ተሰማኝ። «ስህተቱን ካገኘሁት ምዕራፉን ራሴ አወጣዋለሁ፤ ሳላገኘው ግን አላወጣውም» አልኳቸው። እንዲህ ማለቴን ስሰማ ራሴም ደነገጥኩ።

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እስከ ዳግማዊ ትንሣኤ» አሉ በመጨረሻ። «ካላገኘሽው ምዕራፉ ይወጣል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው፤ ከሥሩ ጀምሪ።»

ዓቢይ ጾሙን እንዲህ ሆኜ ያዝኩት። እያንዳንዱን ስሌት በእጄ እንደገና ሠራሁ። ሙቀቱን ቀየርኩ፣ የአቶሞቹን ጉልበት ቀየርኩ፣ ፕሮግራሙን ከታች ወደ ላይ አነበብኩት። ስህተት የለም፤ ወሰኑም ይታለፋል። እንዴት አይነት እልህ እንደያዘኝ ልነግራችሁ አልችልም። እናቴ ምሳ አቅርባ «ብዪ» ስትል እንኳ እቆጣ ነበር።

ከግድግዳ ወዲያ የምትኖር፣ እትዬ የምላት ጎረቤታችን አንድ ቀን በር ላይ ቆማ ምን እንደሚያናድደኝ ጠየቀችኝ። ለየብቻ የማይረቡ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ሲሆኑ ሥራ እንደሚሠሩ፣ ሥራው ግን ከሚገባው በላይ እንደበዛብኝ ነገርኳት።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነዋ! ይሄ ነው ያስጨነቀሽ?» አለች።

«አይደለም እትዬ። ድር ሲያብር የሚጠነክረው ስለበዛ ነው። የእኔዎቹ ያው ሁለት ናቸው፤ ሁለት ለብ ያለ ነገር ቢደመር ለብ ያለ ነው የሚሆነው።»

«አንቺ ልጅ፣ አሁን ደግሞ ተረት ማረም ጀመርሽ?» ብላ ትታኝ ሄደች። እውነቷን ነው።

ጾሙ ሊገባደድ ጥቂት ሲቀረው፣ ከግቢው ጥግ ባለች አንዲት ክፍል ለብቻቸው የሚኖሩ አሮጊት ጎረቤታችን አረፉ። ልጅ የላቸውም። ዘመድ የሚባል አንድ የእህታቸው ልጅ አገር ቤት አለ። የዕድሩ ጡሩምባ ማለዳ ሲነፋ እኔ ኮምፒዩተሩ ላይ ነበርኩ፤ መብራቱም በዕድል ነበር። እናቴ ገብታ ላፕቶፑን ክድን አደረገችው።

የግቢያችንን ለቅሶ ያላየ ሰው አይገባውም። የሚያዝዝ አለቃ የለም። የዕድሩ ዳኛ፣ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው ያያሉ እንጂ አንድ ቃል አይናገሩም። ወንዶቹ ድንኳኑን ያነሳሉ፤ አግዳሚው ወንበር ይወጣል፤ ድስቱ ይጣዳል፤ ምስር የሚለቅም ምስሩን ይለቅማል። ማን የት እንደሚቆም ማንም ለማንም አይነግርም። እኔ የደረሰኝ ዕቃ ማጠብ ነው፤ ሁልጊዜም የሚደርሰኝ እሱ ነው።

እኩለ ቀን ላይ የእህታቸው ልጅ ደረሰ። አቧራ ለብሶ፣ ፊቱ በሐዘንና በድካም ጠቁሮ በሩ ላይ ቆመ። አክስቱን ባዶ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ተኝተው አገኛለሁ ብሎ የጠበቀ መሰለኝ። ድንኳኑን፣ ሰዉን፣ ከድስቱ የሚወጣውን እንፋሎት እያየ ግራ ገባው። አልቅሶ ሲወጣለት ዳኛውን ጠየቃቸው።

«አባቴ፣ ይሄን ሁሉ ማን አመጣው? እሷ እንደሁ ምንም አልነበራት።»

«ዕድሩ ነው ልጄ» አሉት።

«እንዲያው ከምንም ተነስቶ?» አለ፣ በአድናቆት ነው።

እትዬ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። በሐዘኑ ይሁን በሽንኩርቱ ዓይኗ ቀልቷል። ቢላዋዋን እንደያዘች ቀና አለች። «ከምንም? አንተ፣ አክስትህ እኮ በየሰዉ ለቅሶ ሽንኩርት ስትልጥ ነው የኖረችው! ጉልበቷን ባመማት ጊዜ እንኳ በርጩማዋን ይዛ ትመጣ ነበር። ይሄ እሷ የሠራችው ነው።»

እጄ ውሃው ውስጥ ቆመ። ሰውየው የተሳሳተው የአክስቱን የዓመታት ልፋት ትቶ ከዛሬ ጠዋት መቁጠር በመጀመሩ ነው። ጠዋት ላይ ከጀመርክማ በየቤቱ ያለው ያው የየራሱ ለብ ያለ ኑሮ ነው፣ ድንኳኑም ከሰማይ የወረደ ይመስላል። እኔስ ሞተሬን መቁጠር የጀመርኩት ከየት ነው?

ተነስቼ መሄድ አልቻልኩም። እናቴ በዓይኗ ይዛኛለች፤ ደግሞም እንዲህ ያለውን ነገር ከሰማሁ በኋላ ዕቃውን ጥዬ ብሄድ ራሴም ራሴን አላይም ነበር። ሳልስቱ እስኪያልፍ አጠብኩ። ሐዘኑም ገባኝ፤ ያቺ በርጩማ አሁን ባዶ ክፍል ውስጥ መሆኗ ደጋግሞ እየመጣ አስለቀሰኝ።

በማግስቱ ጠዋት ፕሮግራሙን ከፈትኩ። መስመሯ እላይ ነበረች፤ ከሁሉም በላይ። ሞተሩ አንድ ዙር በጀመረ ቁጥር «አቶሞቹን አስተሳስር» የምትል ትእዛዝ ናት። ሥራው ሲወጣ ትስስሩ ያልቃል፤ እኔ ደግሞ በየዙሩ መጀመሪያ ላይ አዲስ ትስስር አድልላቸዋለሁ። በነጻ። ያንን ትስስር ለመሥራት የሚወጣውን ድካም የትም አላስገባሁትም። ያቺን መስመር ስንት ጊዜ አንብቤያታለሁ፣ እሷ ግን ለእኔ ስሌት አልነበረችም፤ ስሌቱ ከእሷ ቀጥሎ ነበር የሚጀምረው።

ለምን እንዳላየኋት ዛሬ ይገባኛል። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ስነቃ በሩ ክፍት ነው፣ ጎረቤት ገብቶ ተቀምጧል፣ ጨው የሚበደር መጥቷል። ሰው ከሰው ተሳስሮ ማደሩን እንደ አየር ነበር የማየው። የሚሠራው ሰው እንዳለ፣ የሚለፋበት እንዳለ አስቤ አላውቅም። ለአቶሞቼም የሰጠኋቸው ያንኑ ነው። ይህን ስህተት ሌላ አገር በር ዘግቶ ያደገ ተማሪ የሚሳሳተው አይመስለኝም።

የትስስሩን ዋጋ አስገብቼ ሞተሩን አስነሳሁት። ቁጥሩ ወርዶ ከወሰኑ በታች ገባ። እውነቱን ለመናገር ለአፍታ ከፋኝ፤ ተፈጥሮን የረታሁ መስሎኝ ከርሜ ነበር እኮ! ደስታው የመጣው ቆይቶ ነው። ሞተሬ ደኅና ነበር። ትስስር አስማት አይደለም፤ እንደ ማገዶ ነው፣ አስቀድሞ የተለፋበት፣ በሚያስፈልግ ጊዜ የሚነድ። ሕጉንም አይጥስም። ምዕራፉ የሚወጣ ሳይሆን እንደ አዲስ የሚጻፍ ነበር።

አማካሪዬ ዳግማዊ ትንሣኤ ሳይደርስ አነበቡት። «አሁን ሞተር ሆነ» አሉ።

«ምዕራፉስ?»

«ምዕራፉማ ይቆያል። ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትጽፊዋለሽ። ትደርሻለሽ?»

«እደርሳለሁ» አልኩ።

ምን አውቄ! በዚያው ሰሞን ግቢያችን ለልማት እንደሚነሳ ተነገረን። ሲወራ የኖረ ነገር ነው፤ ጆሯችን ለምዶት ስለነበር እውነት ሲሆን አላመንነውም። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣ። እኛ ጀሞ ደረሰን። እትዬ ገላን ደረሳት። የዕድሩ ዳኛ ጎሮ፣ ሴት ልጃቸው ጋ ሊገቡ ሆነ። መብራቱን ቀድመው ቆረጡት፤ ቀጥሎ የባዶዎቹ ቤቶች ቆርቆሮ መነቀል ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ሚስማር ሲነቀል መስማት ምን እንደሚመስል የሰማ ያውቀዋል።

አንዲት የእናቴ ወዳጅ መጥታ «እንደው ይሄ ትምህርት ለከርሞ ቢባል ምናለበት?» አለች። ለእኔ ከርሞ የሚባል ነገር እንደሌለ ለማስረዳት አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። «ልጄ ሞተሩን ሳትጨርስ ከዚህ ቤት አንድ ድስት አይወጣም» አለቻት። በእርግጥ ድስቶቹ ወጡ። እኔን ግን አንድ ካርቶን አላስነካችኝም። «ዕቃውን እኔ አስራለሁ፣ አንቺ ጻፊ» ብቻ ነው።

ኡራኤል ጋ ካለ አንድ ካፌ ሶኬት አጠገብ ያለችውን ወንበር የራሴ አደረግኳት። በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን እቀመጣለሁ። አስተናጋጇ መጀመሪያ ሰሞን ታጉረመርም ነበር፤ በኋላ ላይ ሌላ ሰው ሊቀመጥባት ሲል «ተይዛለች» ትል ጀመር። ወደ ጀሞ የተጓጓዝን ዕለት ምዕራፉ ግማሽ ላይ ነበር። አዲሱ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፣ ውሃ ገና አልገባም። ጄሪካን ተሸክሜ እወጣለሁ፣ ወርጄ ታክሲ እሰለፋለሁ፣ አራት ኪሎ ደርሼ እጽፋለሁ። በመንገድ ላይ ያለቀሰ አለቀሰ፤ እኔ ጊዜ አልነበረኝም።

ዲፌንሴ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ዝናብ በሚወርድበት ጠዋት ሆነ። ክፍሉ ውስጥ ስገባ የኋለኛው ረድፍ ሞልቷል። እናቴ አለች፤ እሷስ ከእኔ ጋር ነው የመጣችው። እትዬ ከገላን፣ ዳኛው ከነከዘራቸው ከጎሮ፣ ሌሎችም የግቢው ሰዎች ከየደረሳቸው። ነጠላቸው ረጥቧል። ጉልበታቸው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ይዘዋል። እንደሚመጡ ማንም አልነገረኝም።

አማካሪዬ ጠጋ ብለው «እነማን ናቸው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ግቢያችን ነው» አልኳቸው። ግቢው በዚያ ቀን የተደለደለ መሬት ነበር።

አቀረብኩ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ ፊታቸው የማይነበብ፣ እስክሪብቶ የሚያሽከረክሩ ሰው ነበሩ። «እንግዲህ የትስስሩ ዋጋ ሲከፈል ሞተርሽ ከወሰኑ በላይ አይሰጥም። ታዲያ ያገኘሽው ምንድን ነው?» አሉኝ።

ይህን ጠብቄው ነበር። ለየብቻቸው ሲለኩ ምንም የሌላቸው ነገሮች አንድ ላይ ሥራ ሊያስቀምጡ እንደሚችሉ፣ ያ ሥራ የት እንደሚቀመጥ፣ ስንት እንደሚያስወጣና ስንት እንደሚመልስ አሳየሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሺ። ሥራው ሳይወጣ ተለያይተው፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አካባቢ ቢቆዩስ?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ቀመሩም ሰሌዳው ላይ አለ። ዞር ስል ግን የኋለኛውን ረድፍ አየሁ።

«እያንዳንዳቸው እንደነበሩ ይሆናሉ» አልኩ። «ሙቀታቸው ያው ነው፤ ጉልበታቸውም ያው ነው። አንድ በአንድ የለካቸው ሰው ምንም አልጎደለም ይላል። ግን አብረው ሊሠሩት ይችሉ የነበረው...»

ድምፄ ተቆረጠ። ፈታኙ የፈራሁ መስሏቸው «ውሃ ጠጪ፣ አትቸኩይ» አሉኝ። ጠጣሁ።

«አብረው ሊሠሩት ይችሉ የነበረው ሥራ የለም። ከአንዳቸውም ዘንድ ቢፈለግ አይገኝም።»

«ሊመለስ ይችላል?»

«ይችላል» አልኩ። ይህን ስናገር ድምፄ ደኅና ነበር። «እንደገና ማገናኘት ነው። በነጻ ግን አይሆንም፣ ሥራ ይጠይቃል።»

እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ወደ ውጭ አስወጡኝ፤ ብዙም ሳይቆዩ ጠሩኝ። አልፌያለሁ። ኮሪደሩ ላይ እልልታው ሲቀልጥ ሌላ ክፍል ያስተምር የነበረ ሰው በሩን ከፍቶ ሠርግ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ፈታኙም ዳቦ በሉ።

ስንወጣ ዝናቡ አላባራም። የታክሲው ፌርማታ ላይ እንደቆምን እትዬ ክንዴን ያዘችኝ። «ያ ሰውዬ መጨረሻ ላይ ምን ብሎሽ ነው እንደዚያ የሆንሽው?»

«ተለያይተው ቢቆዩስ ነው ያለኝ።»

«እነማን?»

«አቶሞቹ።»

የረጠበ ነጠላዋን ጫፍ ጨመቀች። ዳኛውም ሰምተዋል፤ መሬት መሬት ያያሉ። እናቴ ብቻ «መለስሽለት አይደል?» አለች።

«መለስኩለት እማዬ።»

ካዛንቺስ፣ ካዛንቺስ የሚል ታክሲ መጥቶ ፊታችን ቆመ። ባዶ ነበር፣ ለሁላችንም ይበቃል። ከመካከላችን እግሩን ያነሳ ነበረ፣ እኔ ራሴ አንድ እርምጃ ሄጃለሁ። ማናችንም ግን አልተሳፈርንም። ረዳቱ ተቆጥቶ በሩን ዘጋና ሄዱ።

ከዚያ የጎሮም የገላንም የጀሞም ሰው ወደየሰልፉ መሄድ ጀመረ። ዳኛው ከሰልፋቸው ላይ ዘወር አሉና «እሁድ ጀሞ ነን፣ እነሱ ቤት» አሉ፣ በከዘራቸው ወደ እኔና ወደ እናቴ እያመለከቱ፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ። የሚቀር ይኖር እንደሆነ አልጠየቁም።